ከቀለሙ በፊት ዘይቱ

ዘመኑ ያለፈ የጦር ተሽከርካሪ በትርኢት ሜዳ ላይ ተሰድሮ፣ ቀለሙ እንደ አዲስ ተቀብቶ፣ የክፍሉ ምልክትና ቍጥር በነጭ ተጽፎበት ሲቆም፣ ተመልካቹ ሁሉ ይከበዋል፤ ፎቶግራፍ ያነሣዋል፤ ሕፃን ልጁንም አቅፎ ከመሪው ኋላ ያስቀምጣል። ይህ መልካም ነው፤ አልነቅፈውም። እኔ ግን በጀርመን አገር በኖርሁባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ትርኢት ባጋጠመኝ ቍጥር፣ ከሰዉ ተለይቼ ወደ መሬት ማጎንበስና የጎማውን የውስጥ ገጽ መመልከት ልማድ ሆኖብኛል፤ ከሞዞው፣ ማለትም ከጎማው እምብርት፣ ሥር ወርዶ በጎማው ጎን ላይ የደረቀ ጥቁር የዘይት ፈሳሽ ያየሁ እንደ ሆነ፣ ያ ውብ ቀለም ሁሉ በዓይኔ ዋጋ ያጣል። ባለቤቱ ለዓይን የሚታየውን ሲያከብር ተሽከርካሪውን በሕይወት የሚያኖረውን እንደ ዘነጋ ይነግረኛልና።

ዛሬ ልናገር የፈለግሁት ስለዚሁ ስለማይታየው ነገር ነው፤ ይኸውም በአሮጌ የጦር ተሽከርካሪ የጎማ ሞዞ ውስጥ ስላለው ዘይት፣ ስለ መመርመሩና ስለ መሙላቱ። ጉዳዩ ለጋዜጣ አንባቢ የሚያንስ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን የቅርስ ዐቃቢነት ማንም በማያየው ስፍራ በሚደረግ ትጋት እንደሚፈተን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ምሳሌዬ ዩኒሞግ ነው፤ ይህ የጀርመን ተሽከርካሪ ሲፈጠር ለጦር ታስቦ አልነበረም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ ማግሥት፣ አልበርት ፍሪድሪሽ የተባለ መሐንዲስ ለፈረሰችውና ለተራበችው አገሩ የእርሻ ተሽከርካሪ ሊሠራ ተነሥቶ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ) በ1946 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ናሙና አሽከረከረ፤ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ርቀት 1.27 ሜትር የተደረገውም ከሁለት የድንች ትልም ስፋት ጋር እንዲገጥም ነበር። በ1951 ዓ.ም. ሥራው ጋገናው ከተማ ወደሚገኘው የዳይምለር ቤንዝ ፋብሪካ ተዛወረ፤ ከ1955 እስከ 1980 ዓ.ም. ድረስም 404 የተባለው ዓይነት ከ64,000 በላይ ተሠርቶ፣ ትልቁን ድርሻ የምዕራብ ጀርመን ጦር ወሰደው። ነቢዩ ኢሳይያስ ሰይፍ ማረሻ የሚሆንበትን ዘመን በትንቢት አይቶ ነበር፤ እዚህ ግን ማረሻው ወታደር ሆኖ ከዘመተ በኋላ፣ በጡረታው ዘመን ደግሞ ወደ ገበሬ፣ ወደ መንገደኛና ወደ ቅርስ ወዳድ እጅ ተመለሰ።

የዚህ ተሽከርካሪ ጥበብ ያለው አክስሉ ላይ ነው። በሌላው መኪና ከዲፈረንሻል የሚወጣው ዘንግና የጎማው እምብርት በአንድ መስመር ላይ ናቸው፤ በዩኒሞግ ግን ዘንጉ ከጎማው እምብርት ከፍ ብሎ ይመጣና፣ በየሞዞው ላይ በተበጀ የብረት ቤት ውስጥ፣ ከላይ ያለው ትንሽ ማርሽ ከታች ያለውን ትልቅ ማርሽ ነክሶ ያዞረዋል። ከዚህ ከአንዱ ብልሃት ሁለት ጥቅም ይገኛል፤ ሆዱ ከመሬት 40 ሳንቲሜትር ያህል ስለሚርቅ ጉቶና ድንጋይ አያግደውም፤ ፍጥነትም እዚያው ጎማው ዘንድ ወደ ጉልበት ስለሚለወጥ፣ ዘንጎቹና ዲፈረንሻሉ የቀለለ ሸክም ይሸከማሉ። የጥቅሙ ዋጋ ግን እነዚያ አራት ቤቶች እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው ዘይት መሻታቸው ነው። የሞተሩን ዘይት የለወጠ፣ የካምቢዮውንና የዲፈረንሻሉን የመረመረ ሰው፣ አራቱን ቤቶች ከረሳ ሥራው ገና አልተፈጸመም።

በእነዚህም ቤቶች ውስጥ ዘይት የሚያመላልስ ፓምፕ የለም። የታችኛው ማርሽ በዘይቱ ውስጥ እየዞረ ቀድቶ ወደ ላይ ይረጨዋል፤ የላይኛው ማርሽና ዘንጎቹ ተደግፈው የሚዞሩባቸው ኩሽኔታዎች የሚጠጡት ይህንኑ ፍንጣሪ ብቻ ነው። ስለዚህ መጠኑ የጎደለ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠማው ከላይ ያለው፣ ይልቁንም ከሁሉ በላይ በፍጥነት የሚዞረው ነው። ሹፌሩን የሚያስጠነቅቅ መብራት የለም፤ የሚወርድ መርፌ የለም፤ ጩኸቱ በጆሮ በተሰማ ጊዜ የማርሹ ጥርስ ተበልቷል፤ ኩሽኔታውም ተሰባብሯል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች ቃል እንደዚህ በትክክል የሚሠራበት ቦታ ጥቂት ነው።

ማርሽን በጎማው ዘንድ የማኖር ብልሃት በዩኒሞግ የተጀመረ አይደለም። በጦርነቱ ዘመን 50,000 ያህል የተሠራው፣ ኩቤልቫገን የተባለው የጀርመን ጦር መኪና በሁለቱ የኋላ ጎማዎች ዘንድ የማርሽ ሳጥኖች ነበሩት፤ ጦሩ መኪናው ጓዙን ተሸክሞ ከሚጓዝ እግረኛ ጋር በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር እያዘገመ እንዲሄድለት ፈልጎ ነበርና። ያው ዘዴ ከጦርነቱ በኋላ በቮልስዋገን ሚኒባስ ላይ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ቆይቷል። ፌሬት በተባለው የእንግሊዞች የቅኝት ብረት ለበስ ላይ ደግሞ ማርሾቹ በሞዞው እምብርት ዙሪያ እንደ ፕላኔቶች የሚዞሩ ናቸው፤ እንዲህ ባለው ሞዞ ላይ የዘይቱ መሙያ ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር ስለሆነ፣ መክደኛው ታፖ የጥገና መጽሐፉ ባዘዘው ቦታ ላይ እስኪውል ድረስ ጎማውን በዝግታ ማዞር ግድ ይሆናል፤ ይህን ያላስተዋለ ሰው ሙሉውን ጎደሎ፣ ጎደሎውን ሙሉ ብሎ ይመሰክራል። አሜሪካ ሠራሹ ዊሊስ ጂፕ ግን ከእነዚህ ሁሉ ይለያል፤ የእርሱ የጎማ ኩሽኔታ በግራሶ የታሸገ እንጂ በዘይት የሚዋኝ አይደለም። የአንዱን ወግ ወደ ሌላው መውሰድ ስሕተት ነውና፣ እጅ ታፖውን ከመንካቱ በፊት ዓይን መጽሐፉን ይይ።

የዚህን ሥራ ወግ በቅርብ ያየሁት በሽቱትጋርት አካባቢ በምትገኝ አንዲት መንደር፣ በወጣትነታቸው በጦሩ ውስጥ ሜካኒክ ሆነው ካገለገሉ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ነው። ጎተራቸው ውስጥ አንድ 404 አላቸው፤ የበረዶው ወራት አልፎ ፀሐይ በወጣች በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ሌላ ነገር ሁሉ ሳይነካ፣ የአራቱ ሞዞዎች ዘይት ይመረመራል። እኔ መብራት ያዥና ጨርቅ አቀባይ ነበርሁ። ሽማግሌው ሥራውን ሲጀምሩ አንድም ቍልፍ አላነሡም፤ መጀመሪያ ተሽከርካሪው በደልዳላ ስፍራ መቆሙን፣ ጎማዎቹ በእንጨት መታገዳቸውን፣ ሞዞዎቹም ሲዳሰሱ መብረዳቸውን አረጋገጡ። በተዳፋት ላይ የተለካ ዘይት ሐሰተኛ ምስክር ነው፤ ከጉዞ እንደ ተመለሱ ወዲያው የተለካ፣ ያልሰከነ ዘይትም ገና በማርሾቹ ላይ ተበትኖ ወደ ቦታው አልወረደምና ልኩን አይናገርም። ከዚያ በኋላ በሽቦ ብሩሽና በጨርቅ የታፖውን ዙሪያ ደጋግመው አጸዱ፤ በክረምቱ የተጋገረው ጭቃ ተሰንጥቆ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ወደ ውስጥ ብትወድቅ፣ በማርሽና በኩሽኔታ መካከል ገብታ የምታደርሰው ጥፋት ከመጠኗ ጋር የሚመዛዘን አይደለም።

በየሞዞው ላይ ካሉት ከላይኛውና ከታችኛው ታፖ የትኛው መቅደም እንዳለበት ጠየቁኝ። እኔም፣ አሮጌው ሳይፈስ አዲሱ አይገባም ብዬ፣ የታችኛውን አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ቍልፉን በላይኛው ላይ አሳረፉ። ነገሩ ሲገለጥልኝ እንዲህ ነው፤ የላይኛው ታፖ መሙያም መለኪያም ነው፤ ለዓመታት ተረስቶ ከሆነ ዝጎ ከቤቱ ጋር ይጣበቃል፤ የታችኛውን አስቀድሞ ፈትቶ ዘይቱን ያፈሰሰ ሰው የላይኛው እምቢ ቢለው፣ የነበረውን አጥቶ አዲስ መጨመሪያ ያጣል፤ ተሽከርካሪውም በቆመበት ይቀራል። ይህን የመሰለ ትንሽ ጥበብ በብዙ ሰዎች ድካም የተገዛ መሆኑ ከፊታቸው ይነበብ ነበር።

ታፖው ሲወጣ ጥቂት ዘይት በቀዳዳው ከንፈር ላይ ታየ። ሽማግሌው ትንሿን ጣታቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ፤ አውጥተውም በአውራ ጣታቸው እያሹ ወደ ብርሃን አቀረቡት። ጤነኛ ዘይት ጠይም ማር ይመስላል፤ በጣት መካከል ይስባል እንጂ አይንቋቋም። የማርሽ ዘይት በተፈጥሮው የድኝ ሽታ አለው፤ የነደደ እንደ ሆነ ግን ሽታው ይመርራል፤ አንድ ጊዜ ያሸተተው ሰው ሁለተኛ አይስተውም። በታፖው ጫፍ ላይ ያለችው ማግኔት ደግሞ ሌላ ምስክር ናት፤ እንደ ግራጫ ሊጥ የላመ የብረት ትቢያ ከያዘች፣ ማርሾች ሲፋተጉ የሚወድቅ የዘመን ብዛት ነውና አያስፈራም፤ የሚያብለጨልጭ ስንጥር ወይም ቅርፊት ከያዘች ግን፣ በውስጥ አንድ አካል እየፈረሰ ነው፤ ያን ጊዜ ዘይት መጨመር በሽታውን መሸፈን እንጂ ማዳን አይሆንም።

ሁለቱ የፊት ሞዞዎች በደኅና አለፉ፤ አንዱ ጥቂት ጎድሎት ነበርና በእጅ ፓምፕ ተሞላለት። አሞላሉም ችኮላን አይወድም፤ ወፍራም ዘይት በማርሾቹ መካከል ሰርጎ እስኪወርድ ድረስ ጊዜ ይፈልጋል፤ ጥቂት ይጨመራል፤ ይታገሡታል፤ እንደገና ይጨመራል፤ ከቀዳዳው ከንፈር በላይ ሞልቶ እንደ ማር ክር ቀጥኖ ሲወርድ እጅ ይነሣል፤ ክሩ እስኪያቋርጥ ይጠበቅና ታፖው በአዲስ የመዳብ ሮንዴላ ይዘጋል።

ሦስተኛው ላይ ግን ያልጠበቅሁት ሆነ። ታፖው ገና ሳይላቀቅ ዘይቱ በኃይል ፈልቆ የሽማግሌውን ክንድ እስከ ክርኑ አለበሰው። እኔ እንኳን ጎድሎ አልተገኘ ብዬ ደስ አለኝ፤ እርሳቸው ግን ዝም ብለው ከመሬት ተነሡና እጃቸውን ጠርገው ወደ ዲፈረንሻሉ ታፖ አለፉ። እንደ ፈሩትም ዲፈረንሻሉ ጎድሎ ተገኘ። በዘንጉ ዙሪያ ሁለቱን ቤቶች የሚለየው የዘይት ማገጃ፣ ፓራኦሊዮው፣ አርጅቶ ከንፈሩ ስለ ደረቀ፣ የዲፈረንሻሉ ዘይት በዘንጉ ቱቦ በኩል ወደ ሞዞው ሲሻገር ከርሟል፤ አንዱ ቤት ሲራብ ሌላው ከልኩ በላይ ጠግቧል። የጥጋቡም ጉዳት ከረኃቡ አያንስም፤ ልኩን ያለፈ ዘይት ሲናጥ አረፋ ያወጣል፤ ይሞቃል፤ መውጫ ሲያጣ የውጭውን ፓራኦሊዮ ገፍቶ ወደ ፍሬኑ ይፈሳል፤ ዘይት የነካው የፍሬን ሸራ ደግሞ በቁልቁለት ላይ የሚያደርገውን ለሹፌር መንገር አያስፈልግም። በዚያ ቀን የተማርሁት፣ ሞልቶ መገኘት ሁልጊዜ የጤና ምልክት እንዳልሆነ ነው፤ ስለዚህም የሞዞን ዘይት የሚመረምር ሰው መጉደሉን ብቻ ሳይሆን መትረፉንም ይጠይቅ፤ ተርፎ ያገኘ እንደ ሆነም ጠርጎ ከመሄድ ይልቅ ከየት እንደ መጣ ይመርምር።

ሌላው ጠላት ውኃ ነው። የጦር ተሽከርካሪ ወንዝ ሊሻገር የተሠራ ስለሆነ ባለቤቱ በዚህ ይደፍራል፤ ነገር ግን ከረጅም ጉዞ በኋላ የጋለ ሞዞ ድንገት ወደ ቀዝቃዛ ውኃ የገባ ጊዜ፣ በውስጡ ያለው አየር ተኮማትሮ ከውጭ መሳብ ይጀምራል፤ ፓራኦሊዮው የደከመ ከሆነ፣ መተንፈሻ ቀዳዳውም በጭቃ የተደፈነ ከሆነ፣ የሚሳበው ውኃ ነው። ያ ውኃ ከዘይቱ ጋር ሲናጥ ወተት የመሰለ ነጭ ፈሳሽ ይሆናል። ወተት የመሰለ ዘይት የተገኘበት ሞዞ ለነገ አይባልም፤ ዘይቱ ሁሉ በዚያው ቀን ይፍሰስ፤ ውስጡ ይታጠብ፤ ንጹሕ ይሞላ፤ ከጥቂት ጉዞ በኋላም እንደገና ይከፈት። ስለ ዘይቱ ዓይነት አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ብርቱ የሆነ ዘመናዊ ዘይት ሁሉ ለአሮጌ ማርሽ መልካም ነው ማለት አይደለም፤ በውስጡ ያለው የድኝ ቅመም አንዳንዱን የነሐስ ክፍል ይበላልና፣ የሻጩን ቃል ከመስማት የፋብሪካውን መጽሐፍ ማየት ይበልጣል። የወጣውም አሮጌ ዘይት በዕቃ ተሰብስቦ ለሚረከበው ይሰጥ እንጂ መሬት ላይ አይደፋ።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ብዙ ሰዎች አሮጌ ተሽከርካሪ ከዝናብ ተጠብቆ በቤት ውስጥ ከቆመ ዐረፈ፣ ዳነም ብለው ያስባሉ። መቆም ግን ለማርሽ ዕረፍት አይደለም። ለዓመታት ሳይንቀሳቀስ የኖረ ሞዞ ዘይቱ ሁሉ ወደ ታች ይወርድና የላይኛው ማርሽና ኩሽኔታ ራቁቱን ይቀራል፤ በሌሊት ቅዝቃዜ በብረቱ ላይ ጤዛ ይቋጠራል፤ ዝገቱም በዚያ ይጀምራል፤ የፓራኦሊዮው ከንፈር በአንድ ወገን ተጭኖ ይደርቃል። ከውጭ ያለው ቀለም ግን አንዳች አይናገርም። በአድባራትና በገዳማት የብራና መጻሕፍት ዐቃቢዎች ይህን ምሥጢር ከጥንት ያውቁታል፤ ሣጥን ውስጥ ተቈልፎ ማንም ያልገለጠው ብራና በብልና በእርጥበት ይበላል፤ በየጊዜው እየተገለጠ የሚነበበውና ነፋስ የሚያገኘው ግን ዘመን ይሻገራል። ብራናውን መግለጥ ለመጽሐፉ ሕይወት እንደ ሆነ፣ ጎማውን ማዞርና ታፖውን መክፈትም ለተሽከርካሪው ሕይወት ነው።

በዚህ ላይ የሙዚየም ሰዎች የሚያነሡት ክርክር አለ፤ ክርክሩም የሚናቅ አይደለም። አሮጌ መኪና በሄደ ቍጥር በፋብሪካ የተሠራበት ክፍል እየተበላ በአዲስ ይተካል፤ ከዘመን በኋላ የሚቀረው ቅርሱ ሳይሆን ምስሉ ነው ይላሉ። እኔ የዚህን ሐሳብ ክብደት ብቀበልም ፍርዴ ወደ ሌላው ያደላል። ተሽከርካሪ የሥራ ዕቃ ነው፤ ህላዌው በመሄዱ ነው። በ2006 ዓ.ም. በጋገናው የተከፈተው የዩኒሞግ ሙዚየም ጎብኚውን አሳፍሮ በጉድባና በዳገት ላይ ሲያወጣና ሲያወርደው፣ ሰው የዚያን ከፍ ያለ አክስል ትርጉም በአንድ ቅጽበት በሰውነቱ ይረዳዋል፤ ከመስታወት በስተጀርባ ያለ ጽሑፍ ይህን ሊያስተምር አይችልም። እንዳይሄድ የተወሰነበት ተሽከርካሪ እንኳ ቢሆን፣ በክሪክ ተነሥቶ ጎማው በእጅ ሊዞርለት፣ ዘይቱም ሊታይለት ይገባል። አለመሄዱ አለመጠበቁን ሊያስከትል አይገባም።

የዚህን የማይታይ ትጋት ዋጋ ጦሮች ራሳቸው ያውቁ ነበር። የአሜሪካ ጦር በ1951 ዓ.ም. «ፒ ኤስ» የተባለ የጥገና መጽሔት ሲያቋቁም ሥዕሎቹን የሰጠው ዊል አይስነርን ለመሰለ ስመ ጥር ሠዓሊ ነበር፤ ዘይት መመርመር የሚሰለች ትእዛዝ ሆኖ እንዳይቀር፣ ወታደሩ እየሳቀ እንዲማረው በሥዕል አስተማሩት። ትእዛዝ በነበረበት ጊዜ አለቃ ይቈጣጠር ነበር፤ ተሽከርካሪው ከጦሩ ሲሰናበት ግን ተቈጣጣሪውም አብሮ ቀርቷል፤ የቀረው የባለቤቱ ኅሊና ነው። ስለዚህ ሽማግሌው ለራሳቸው አለቃ ሆነው፣ ከየምርመራው በኋላ ቀኑን፣ የተጨመረውን መጠንና ያዩትን ሁሉ በአንድ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ያቺ ደብተር ከመኪናው ጋር ለሚቀጥለው ሰው ትተላለፋለች፤ ከቀለሙ ይልቅ ውድ ናት ብዬ አምናለሁ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በጋራዦቻችን ሞዞ፣ ታፖ፣ ኩሽኔታ፣ ፓራኦሊዮ የምንላቸው ቃላት ከጣሊያን መካኒኮች አፍ የወረስናቸው ናቸው፤ ብዙዎቹ የእጅ ባለሙያዎቻችን መጽሐፍ ሳያዩ፣ እንደ ቃል ትምህርት፣ ደቀ መዝሙር ከመምህሩ እየሰማ ሙያውን ከቃሉ ጋር ተቀብለው አቆይተውልናል። ያ የቃል ትምህርት ከሽማግሌዎቹ ጋር እንዳይቀበር እፈራለሁ። ስለዚህ አሮጌ መኪና በግቢው ያቆመ ሰው፣ በመሥሪያ ቤት ስም የጥንት ተሽከርካሪ የተረከበ ኃላፊም፣ ቀለም ቀቢ ከመጥራቱ በፊት አንድ አሮጌ መካኒክ ይጥራ፤ ወጣት ልጅም ከአጠገባቸው ቆሞ መብራት ይያዝ። በሚመጣው ቅዳሜ መኪናውን በደልዳላ ስፍራ አቁሙና ሞዞው እስኪበርድ ጠብቁ፤ ዙሪያውን አጽዱ፤ የላይኛውን ታፖ አስቀድሙ።